ማህደሩን ስካን ካደረግን በኋላ ወረቀቱን ማስወገድ ይቻላል? የመዝገብ ቤት ሰዎች እርዱኝ

የመዝገብ ቤቷ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምሰራው ዞን ላይ አንድ መስሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ቢሯችን ወደ አዲስ ህንፃ ሊዛወር ነው፣ እዛ ለመዝገብ ቤት የተሰጠን ክፍል ደግሞ አሁን ካለን ግማሹን እንኳን አይሆንም። እና ማኔጅመንቱ ተሰብስቦ "ዘመኑ የዲጂታል ነው፣ ሁሉም ማህደር ስካን ይደረግና ወረቀቱ ይወገድ" ብሎ ወስኗል። ስካነር ተገዝቶልናል፣ አንድ ዴስክቶፕ ተሰጥቶናል፣ ስራውን የሚሰሩት ለአፓረንትሺፕ የመጡ ተማሪዎች ናቸው። ልጆቹ ቀልጣፋ ናቸው፣ ምንም አይወጣላቸውም፣ ግን ስለ ማህደር ስልጠና የሰጣቸው የለም፣ ካርቶን ይሰጣቸዋል ስካን ያደርጋሉ ካርቶኑን ዘግተው ግድግዳ ስር ይደረድራሉ በቃ።

መዝገብ ቤታችን ውስጥ ያለው ምን ምን ነው ብትሉኝ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ያለ የሰራተኛ የግል ማህደር፣ ከድሮው ማዘጋጃ ቤት የተረከብነው የቤትና የቦታ ማህደር፣ የፋይናንስ ሰነድ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ገቢና ወጪ ደብዳቤ፣ የማይታወቅ ነገርም ብዙ አለ።

ያስጨነቀኝ ባለፈው አንዲት ሰራተኛ የደረጃ እድገት ደብዳቤዋን ኮፒ ፈልጋ መጣች። ማህደሯ ስካን ተደርጓል። ኮምፒውተሩ ላይ ስንገባ "አዲስ ፎልደር"፣ "አዲስ ፎልደር 2" እያለ ይቀጥላል፣ ውስጡ "ስካን 0001" "ስካን 0002" ነው፣ የማን እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ መክፈት ነው። መጨረሻ ላይ ካርቶኑን ፈተን ከወረቀቱ ነው ያገኘነው። ወረቀቱ ተወግዶ ቢሆን ኖሮ ምን ልላት ነበር?

ጥያቄዬ፣ በህግ ስካን የተደረገን ማህደር ማስወገድ ይቻላል ወይ? ካልተቻለስ ለኃላፊዎቹ እንዴት ብዬ ነው የማስረዳቸው? ስካኑንስ በምን መልኩ ብንሰራው ነው ነገ የምናገኘው? የምታውቁ እባካችሁ ዝም አትበሉ፣ ዝውውሩ ቅርብ ነው።

የድሮ መዝገብ ቤት፦

እህቴ መጀመሪያ ማስወገዱን አስቁሚ። ስካኑ ይቀጥል፣ ችግር የለውም፣ ማስወገዱ ግን ዛሬውኑ ይቁም። እድሜዬን በሙሉ ሪከርድና ማህደር ላይ ነው የሰራሁት፣ ከፌዴራል መስሪያ ቤት ነው ጡረታ የወጣሁት፣ የተበላሸ ስካን ተደግሞ ሲሰራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ የተቃጠለ ማህደር ግን ማንም አይመልሰውም።

የመንግስት መስሪያ ቤት ማህደር የኃላፊው ንብረት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሰረት የመንግስት ሪከርድ የሚወገደው በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ፣ ማለትም ሁላችንም ወመዘክር እያልን በምንጠራው ተቋም እውቅናና ፈቃድ ነው። ክልል ስለሆናችሁ የክልላችሁንም ደንብ ጠይቁ። ፈቃድ የሚጠየቀው ደግሞ "ካርቶን ሞልቶብናል" ተብሎ አይደለም፣ የሚወገደው ሰነድ በዓይነት በዓይነት ተለይቶ፣ ከየትኛው ዓመት እስከየትኛው ዓመት እንደሆነ ተጽፎ፣ ለምን እንደማያስፈልግ ምክንያቱ ተገልጾ፣ ኮሚቴ ፈርሞበት ነው።

አሁን ወደ ቦታው ጥበት ልምጣ፣ ኃላፊዎቹን የምታሳምኚው እዚህ ላይ ስለሆነ። እንደኔ ልምድ ማንኛውም መዝገብ ቤት ውስጥ ቦታውን የያዘው ዋናው ሰነድ አይደለም። ያንዱ ሰርኩላር ግልባጭ በየማህደሩ ገብቶ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ ያልተሞላ ፎርም፣ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ፣ የጨረታ ጋዜጣ፣ የተበላሸ ፕሪንት፣ ይሄ ነው ሸልፉን የሚያጣብበው። ስለዚህ ስካን ከመደረጉ በፊት መለየት ይቀድማል። በየቀኑ የሚሰራበት ማህደር አጠገባችሁ ይሁን፣ አልፎ አልፎ የሚፈለገው ሌላ ክፍል ወይም ስቶር ይግባ፣ ስራው ያለቀለት ደግሞ ታሪካዊ ዋጋ ያለውና የሌለው ተብሎ ይለይ፣ ዋጋ ያለው ለቤተ መዛግብት ይተላለፋል፣ የሌለው በፈቃድ ይወገዳል። ይሄን ከሰራችሁ ምንም ስካን ሳታደርጉ ክፍሉ ይተነፍሳል። አሁን የምትሰሩት ግን ለቅሞ መጣል የሚገባውንም ጭምር ስካን ማድረግ ነው፣ ጊዜውም መብራቱም ለከንቱ ይሄዳል።

ሌላው ልጆቹን አደራ በይልኝ፣ ደብዳቤውን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። የኛ ሀገር ውሳኔ ደብዳቤው ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ኃላፊው በህዳጉ ላይ በእስክሪብቶ "ለሰው ሀብት፣ በደንቡ መሰረት ይታይና ይፈጸም" ብሎ ቀን ጽፎ ፈርሞ የመራው ምሪት አለ፣ ባለሙያው ደግሞ ቦታ ሲያጣ ጀርባው ላይ መልሱን ይጽፋል። ኋላ ክርክር ሲነሳ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው፣ ማን አዘዘ ማን ፈጸመ የሚለው ከዛ ነው የሚታወቀው። የፊት ገጹ ብቻ ስካን ተደርጎ ወረቀቱ ከተወገደ ውሳኔው ጠፋ ማለት ነው። ስካን ከመደረጉም በፊት እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ የገጽ ቁጥር ይጻፍበት፣ ማህደሩ ስንት ገጽ እንደሆነ ሽፋኑ ላይ ይመዝገብ፣ ያኔ ከመሀል አንድ ወረቀት ሲወጣ ይታወቃል። ስፒሉና ስቴፕለሩ ዝጎ ወረቀቱን እየበላው ስለሚሆን ቀስ ተብሎ ይውጣ።

"ያረጀ ወረቀት ምን ያደርጋል" ለሚሉሽ ደግሞ የቀይ ሽብርን ክስ ንገሪያቸው። ልዩ አቃቤ ህግ የደርግ ባለስልጣናትን ሲከስ ትልቁ ማስረጃው ደርግ ራሱ የጻፈው ፋይል ነበር፣ "አብዮታዊ እርምጃ" የሚል ትእዛዝ ያለበት፣ ፊርማና ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ። ፍርዱ የተሰጠው በ1999 ታህሳስ ነው፣ ወረቀቶቹ ከተጻፉ ከብዙ ዓመት በኋላ። ያኔ አንድ ኃላፊ ቦታ ጠበበን ብሎ አስወግዶት ቢሆን ብላችሁ አስቡት።

የጡረተኛ ልጅ፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም ግን ይሄን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። አባቴ አስተማሪ ነበር፣ ሶስት ወረዳ ተዘዋውሮ ሰርቷል፣ ጡረታ ሲወጣ ከመጀመሪያው ወረዳ የቅጥር ደብዳቤህንና የሞላኸውን የሕይወት ታሪክ ፎርም አምጣ ተባለ። ወረዳው ለሁለት ተከፍሏል፣ አንደኛው ጋ ስትሄድ "ማህደሩ ለዛኛው ተላልፏል" ዛኛው ጋ ስትሄድ "አልተረከብንም" ነው መልሱ፣ ርክክቡ በካርቶን ብዛት ነው እንጂ በስም ዝርዝር አልነበረም። እንደምታውቁት የመንግስት ሰራተኛ እድሜው የሚቆጠረው መጀመሪያ ሲቀጠር በሞላው ነው፣ የአገልግሎት ዘመኑም አበሉም የሚሰላው ከማህደሩ ነው፣ እሱ ከሌለ ሰውየው እዛ ያስተማረበት ዘመን እንዳልነበረ ነው የሚሆነው። ያስተማራቸው ልጆች ትልቅ ሰው ሆነው እየመሰከሩለት እንኳን ወረቀት አምጣ ነው።

መጨረሻ ላይ የተገኘው አንዲት የመዝገብ ቤት ሰራተኛ ከስራ ሰዓት ውጪ ስቶር ገብታ በአቧራ ውስጥ ፈልጋ ነው፣ እግዜር ይስጣት። ማህደሩ ሌላ ሰው ስም ውስጥ ገብቶ ነበር፣ የአባቱ ስም ተመሳስሎባቸው። ስለዚህ እህቴ ያ ካርቶን ውስጥ ያለው የሰው እንጀራ ነው፣ በርቺ፣ ስራሽን ማንም አያሳንስብሽ።

ዳታቤዝ፦

ቴክኒኩን እኔ ልመልስ፣ የመንግስት ተቋም አይቲ ነኝ። ስካን 0001 ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ነገር ዲጂታል ማህደር አይባልም፣ የወረቀት ክምሩን ወደ ኮምፒውተር አዛወራችሁት እንጂ። የወረቀቱ ክምር እንኳን ቢያንስ በዓይን ይታያል።

ሲስተም ግዙ አልልሽም፣ ሲስተም ተገዝቶ ያስገባው ድርጅት ኮንትራቱ ሲያልቅ ፓስወርዱን ይዞ የሄደበት ቢሮ አውቃለሁ፣ ሰርቨሩ አለ ግን የሚከፍተው የለም። መጀመሪያ አንድ የኤክሴል መዝገብ አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ማህደር አንድ መስመር፣ የማህደር ኮድ፣ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የሰነዱ ዓይነት፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ የገጽ ብዛት፣ ወረቀቱ ያለበት ሸልፍ ወይም ካርቶን ቁጥር፣ የስካኑ ፋይል ስም። የፋይሉ ስም ከኮዱ ጋር አንድ ይሁን። አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፣ የኛ ደብዳቤ ቁጥር ሰሀ/112/16 እየተባለ በስላሽ ነው የሚጻፈው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ፋይል ስም ላይ ስላሽ አይቀበልም፣ ስለዚህ ሁላችሁም በሰረዝ ሰሀ-112-16 ብላችሁ ተስማሙ፣ አንዱ በሰረዝ አንዱ በነጥብ አንዱ በባዶ ቦታ ከጻፈ ሰርች ስታደርጊ አይገኝም።

ስም ላይ ደግሞ ትልቅ ራስ ምታት አለ። ኃይለማርያም የሚለውን አንዱ ተማሪ ሀይለማርያም፣ አንዱ ኃይለ ማሪያም፣ አንዱ ሃ/ማርያም ብሎ ያስገባዋል፣ ለኮምፒውተሩ እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኛ የምናደርገው ሁለት ኮለን (ዓምድ) ነው፣ በአንደኛው ስሙ ማህደሩ ላይ እንዳለ ይጻፋል፣ አይነካም፣ ህጋዊ ስሙ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ ሐ ኀ ኃ ሃ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተቀይሮ፣ ክፍተት ጠፍቶ፣ ምህጻረ ቃሉ ተዘርዝሮ ይጻፋል። ሰርች የሚደረገው በሁለተኛው ነው። ይሄን ብቻ ብታደርጉ "የለም" ተብሎ ከሚመለሰው ባለጉዳይ ብዙው ይገኝለታል።

ቀን ደግሞ ተጠንቀቁ። ኤክሴል የኛን ካላንደር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/02 ብላችሁ ስታስገቡ ቀን ነው ብሎ አይቀበልም፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው። ጳጉሜ 5ን 05/13/2015 ብላችሁ ብታስገቡ ደግሞ ይባስ፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ ሜይ 13 አድርጎ ዝም ይላል፣ ማንም ሳያውቅ ቀኑ ተቀየረ። ኮለኑን ቴክስት አድርጉትና ዓመት አስቀድማችሁ 2015-13-05 ብላችሁ ጻፉ፣ ሲደረደርም በቅደም ተከተል ይመጣል። ዓ.ም. ይሁን የፈረንጅ ርዕሱ ላይ ጻፉ።

ስካኑን በከለር አድርጉ፣ ጥቁርና ነጭ አታድርጉ። ማህተሙ ወይን ጠጅ ወይ ሰማያዊ ነው፣ ፊርማው ሰማያዊ ነው፣ በጥቁርና ነጭ ሲሆን ኦሪጅናሉ ከፎቶኮፒ አይለይም። ጥራቱ 300 ዲፒአይ ቢሆን ይበቃል፣ ሲቀመጥ ፒዲኤፍ ኤ የሚባለው ይሁን፣ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ ተብሎ ስታንዳርድ የወጣለት ስለሆነ ፎንቱንም ሁሉንም ውስጡ ይይዛል። በስልክ በካምስካነር የሚደረገውን ግን ለማህደር አትጠቀሙ፣ የሰው ዶክመንት በግል ስልክ ላይ ይቀራል።

ጽሁፉን የሚያነብ ኦሲአር አለ ወይ ካልሽ ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፣ ጥርት ባለ ፕሪንት ላይ ደህና ነው፣ የድሮ ታይፕ ራይተርና የእጅ ጽሁፍ ላይ ግን አትመኑት፣ ማውጫውን በእጅ ማስገባቱ አይቀርም።

የድሮ ኮምፒውተር ላይ ያሉ የወርድ ፋይሎችም አሉሽ? ካሉ ቶሎ በያቸው። በቪዥዋል ግእዝና በመሳሰሉት የተተየቡ የዘጠናዎቹ ደብዳቤዎች ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የእንግሊዝኛ ምልክት ትርምስ ነው የሚሆኑት። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ሁሉም ኮምፒውተር በጋራ የሚያነበው የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ከዛ በኋላም ብዙ ቢሮ ለዓመታት በድሮው ፎንት ሲተይብ ኖሯል። ፎንቱ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ካላችሁ ከመጣሉ በፊት ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ፣ ከተቻለ ደግሞ ወደ ዩኒኮድ።

ባክአፕ፦ ሶስት ቦታ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከህንፃው ውጪ። ሁሉም ነገር በዛች አንድ ዴስክቶፕ ላይ ሆኖ ወረቀቱ ከተወገደ መብራት መጥቶ ሲሄድ ሃርድ ዲስኩ ቢቃጠል የዞኑ ታሪክ አብሮ ሄደ። ባክአፑንም አልፎ አልፎ ከፍታችሁ ሞክሩት፣ ገልብጦ መተው አይበቃም።

ነገረ ህግ፦

ከህግ በኩል አጠር አድርጌ። ኃላፊዎቹ ምናልባት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁን፣ 1205/2012ን ሰምተው ይሆናል "ስካን ተቀባይነት አለው" የሚሉት። እውነት ነው አዋጁ አንድ መረጃ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ህጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። ግን ይሄ ሙሉነቱ ተጠብቆ፣ ሳይነካ፣ በተፈለገ ጊዜ የሚገኝ ከሆነ ነው። ማን ስካን እንዳደረገው፣ መቼ፣ ማን እንዳረጋገጠው የማይታወቅ "ስካን 0417" ፍርድ ቤት ቀርቦ ተከራካሪው "ተቀይሯል" ቢል በምን ትመልሳላችሁ? ዋናው ደግሞ ስካን ማስረጃ ይሆናል ማለትና ኦሪጅናሉ ይወገድ ማለት የተለያየ ጉዳይ ነው፣ ማስወገዱ ጋሼ ከላይ እንዳሉት በ179/1991 የሚገዛ ነው።

የቤትና የቦታ ማህደሩን በተለይ አደራ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በወረሰው አዋጅ 47/1967 የተወረሰና ያልተወረሰ ቤት ክርክር ዛሬም ፍርድ ቤት አለ፣ የድሮ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የርክክብ ፎርም ኦሪጅናሉ እየተጠየቀ፣ ማህተሙና ፊርማው በምርመራ እየታየ። ፎርጅድ ነው አይደለም የሚለው በስካን አይመረመርም፣ ወረቀቱና ቀለሙ ያስፈልጋል።

የሰራተኛ ማህደር ውስጥ ደግሞ የህክምና ወረቀት፣ የዲሲፕሊን ክስ፣ የቤተሰብ መረጃ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ ለአፓረንት ተማሪ ያለ ምንም የምስጢር ጥበቃ ፊርማ ይሄን ሁሉ አሳልፎ መስጠት መስሪያ ቤቱን ያስጠይቃል። ማህደር በፊርማ ወጥቶ በፊርማ ይመለስ፣ ፍላሽ መሰካት ይከልከል።

የመዝገብ ቤቷ፦

ምን እንደምላችሁ አላውቅም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ የርስዎን ለብዙ ጊዜ ነው ያነበብኩት። ጀርባውን ስለማየት ያሉትን ዛሬ ለልጆቹ ነገርኳቸው፣ ገና የተሰራውን ስናገላብጥ ምሪቱ ጀርባው ላይ ያለ ብዙ ወረቀት አገኘን፣ እንደገና እየተሰራ ነው። ማስወገዱንም ቢያንስ ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ተነጋግሬ በቃል አስቁሜዋለሁ፣ አሁን ማስታወሻ በጽሁፍ ላቀርብ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አሁን አሁን ደብዳቤ በቴሌግራም ነው የሚመጣው፣ ከክልል ቢሮ ፎቶ ተነስቶ ግሩፕ ላይ ይለቀቃል፣ ኃላፊው እዛው "ይፈጸም" ብሎ ይመልሳል፣ መዝገብ ቤት አያየውም። ይሄ እንዴት ነው የሚያዘው? ሌላው ደግሞ ጊዜውም ሰውም ጥቂት ነው፣ ከየት ልጀምር?

ዳታቤዝ፦

ቴሌግራሙ ያሳስበኛል እውነቱን ለመናገር። ኃላፊው ሲቀየር ስልኩን ይዞ ነው የሚሄደው፣ ግሩፑን ያጠፋዋል ወይ ይወጣል፣ ትእዛዙ የት ሄደ? ኢሜይሉም እንደዛው፣ የብዙ ቢሮ ኦፊሴላዊ ኢሜይል ያንድ ጸሐፊ ጂሜይል ነው። እስኪስተካከል ድረስ በቴሌግራም የመጣ ደብዳቤ በዛው ቀን ወርዶ የገቢ ቁጥር ይሰጠው፣ "ይፈጸም" የተባለበትም ከነቀኑ ከነላኪው ስክሪን ተነስቶ ከደብዳቤው ጋር አንድ ፋይል ይሁን፣ ኦሪጅናሉም በፖስታ ወይ በእጅ እንዲላክ በደብዳቤ ጠይቁ። ወደፊት በኤሌክትሮኒክ ፊርማ የሚሰራ ከሆነ አዋጁ 1072/2010 ካለ ቆይቷል፣ የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ነው የሚመራው፣ ያ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። በቴሌግራም ፎቶ ላይ ያለ ፊርማ ግን ኤሌክትሮኒክ ፊርማ አይደለም፣ የፊርማ ፎቶ ነው።

የድሮ መዝገብ ቤት፦

ጎበዝ እህቴ፣ ጀርባውን ማስደገምሽ ትልቅ ነገር ነው። ማስቆሙን ግን በቃል አትተይው፣ ማስታወሻው ዛሬ ይግባ፣ ቁጥር ይውጣለት፣ ግልባጭ ላንቺም ይቅር። ውስጡም "አይቻልም" ብቻ አትበይ፣ ኃላፊ መፍትሄ ነው የሚፈልገው። ግልባጩና ተራው ወረቀት ቢለይ ይህን ያህል ሸልፍ ይለቀቃል ብለሽ አንዱን ሸልፍ ናሙና ሰርተሽ ቁጥሩን አስቀምጪለት፣ በዓይኑ ሲያየው ይገባዋል።

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከሰው ሀብት የሁሉንም ሰራተኛ ዝርዝር ከነእድሜው አውጪና 60 ሊሞላቸው የቀረቡትን ማህደር መጀመሪያ አንሺ። እነሱ ላይ የጎደለ ነገር ካለ፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ የሕይወት ታሪክ ፎርም፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ ሰውየው ገና ስራ ላይ እያለና እየተጠራ ይሟላል። ከዛ የቦታና የቤት ማህደሩ፣ ከዛ ቃለ ጉባኤው። ገቢና ወጪ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ይሁን። ርክክቡ ደግሞ ወደ አዲሱ ህንፃ ስትሄዱ በካርቶን ብዛት እንዳይሆን፣ ልጁ ከላይ ስለ አባቱ የጻፈውን አስቢ፣ እያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ የማን የማን ማህደር እንዳለ ዝርዝሩ አንድ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ካርቶኑ ላይ አንድ አንቺ ጋ ይሁን። የማስወገጃ ዝርዝሩን ፎርም እኔ ጋ የቆየ አለ፣ ስሞቹን አጥፍቼ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ ሌሎችም ይጠቀሙበት።